62 ሪፈረንስ ተመለሰብኝ፣ 7 ቀን አለኝ

ቡና_ለቃሚዋ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ነው ያለሁት። የማስተርስ ጥናቴን አሳጥሬ ለአንድ ጆርናል ልኬው ነበር። ጥናቱ ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ነው የሚመለከተው፤ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ አቧራ እየሳቡ የሚውሉትን። ዛሬ ጠዋት መልስ መጣ። ልቤ እየመታ ከፈትኩት። ሪቪወር ጋ እንኳን አልደረሰም። «የሪፈረንስ አጻጻፍዎ መመሪያችንን አይከተልም፤ በ7 ቀን ውስጥ አስተካክለው ይመልሱ» ይላል። አለቀ። የቱ እንደተበላሸ አይናገርም።

62 ሪፈረንስ አለኝ። ሁሉንም በእጄ ነው የጻፍኩት። ቴሲሱ ኤፒኤ በሚባለው የሪፈረንስ ስልት ነበር፣ ጆርናሉ ደግሞ ቫንኩቨር የሚባለውን ነው የሚፈልገው። ቫንኩቨር ማለት ቁጥር መስጠት ብቻ መስሎኝ ቁጥር ደረደርኩበት። ከዚያ አድቫይዘሬ «መግቢያው ላይ ይቺን ጥናት ጨምሪ» አሉኝ። አምስተኛ ላይ ገባች። ከሷ በታች ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ስቀይር አደርኩ። የሆነ ቦታ ዘልያለሁ መሰለኝ፤ ስለ ቡና አቧራ ጽፌ 17 ያልኩት፣ ዝርዝሩ ላይ ሲታይ ስለ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው።

ከየት ልጀምር? እባካችሁ «መመሪያውን አንብቢ» አትበሉኝ። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

የቆጪ_ልጅ፣ ማክሰኞ 2፡52

መመሪያውን አንብቢ። ቀልዴን ነው። እህቴ፣ ይሄ ሪጀክት አይደለም እኮ፣ አይዞሽ። የኔ በሁለት መስመር ነበር የተመለሰው፣ ያውም ከስምንት ወር በኋላ።

ቦዬ_ጉማሬ፣ ማክሰኞ 3፡15

በእጅ መጻፍ ዛሬውኑ ይቁም። ዞቴሮ የሚባለውን የሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌር ጫኚ። ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ እዚህ ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከላይ የአስማት ዘንግ የምትመስል ምልክት አለች። እሷን ተጫኚና የጽሑፉን ዲኦአይ (ቋሚ መለያ ቁጥሩን) ለጥፊ። ደራሲው፣ ርዕሱ፣ ዓመቱ፣ ቅጹ፣ ገጹ ራሱ ይመጣል፤ ለዚህ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዲኦአይ የሌለውን የፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) ቁጥሩን ስጪው፣ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ አይኤስቢኤኑን። 62 ሪፈረንስ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ከዚያ ዎርድ ላይ የዞቴሮ ረድፍ ይመጣልሻል። የድሮዎቹን ቁጥሮች እያጠፋሽ በየቦታቸው አስገቢ። አድቫይዘርሽ ነገ ሌላ ጥናት ጨምሪ ቢሉሽ ቁጥሩ ራሱ ይቀያየራል፤ 17 መቼም ሲሚንቶ ፋብሪካ አይገባም። ጆርናሉ ሪጀክት ቢያደርግሽና ሌላ ጋ ብትልኪው (አያድርገው) ስልቱን ከዝርዝር መርጠሽ በአንድ ጠቅታ ትቀይሪዋለሽ። ከ10,000 በላይ ስልት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የጆርናልሽን ስም ፈልጊ፣ ሳይኖር አይቀርም።

ጋሽ_ኮማ፣ ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ለዓመታት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬያለሁ። ሶፍትዌሩን አልቃወምም። ግን የሚያወጣውን ሳታውቂ ከተጠቀምሽበት፣ ስህተቱን በፍጥነት ታባዥዋለሽ፣ ሌላ ምንም አይደለም። መጀመሪያ አንዷን በእጅሽ ጻፊ። አንዷን ብቻ።

ቫንኩቨር እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቤተሰብ ስም። ከዚያ ክፍት ቦታ ብቻ፣ ኮማ የለም። ከዚያ የስም መነሻ ፊደላት ተያይዘው፣ ነጥብ የለም። ኮማ የሚገባው በደራሲና በደራሲ መካከል ነው። ደራሲዎቹ ካለቁ ነጥብ። ርዕሱ፤ ከመጀመሪያዋ ፊደልና ከተጸውዖ ስም በቀር ሁሉም በትንንሽ ፊደል። ነጥብ። የጆርናሉ ስም በአጭሩ። ዓመት፣ ሴሚኮለን፣ ቅጽ፣ በቅንፍ እትም፣ ሁለት ነጥብ፣ ገጽ። ከሴሚኮለኑ በኋላ ክፍት ቦታ የለም። ከሁለት ነጥቡም በኋላ የለም። ገጹ ከ123 እስከ 128 ከሆነ ብዙዎቹ 123፣ ሰረዝ፣ 8 ብቻ ነው የሚሉት።

ደራሲዎቹ ከስድስት ከበለጡ ስድስቱን ጽፈሽ «ኢት አል» (እና ሌሎች) ትያለሽ። አንዳንዱ ጆርናል ሦስት ይበቃኛል ይላል። እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ የጆርናሉን መመሪያ ስሚ። ኤፒኤ ሰባተኛው እትም ግን እስከ 20 ደራሲ ድረስ ሁሉንም ጻፉ ይላል። ከቴሲስሽ በኮፒ ፔስት አምጥተሽ ከሆነ እዚያ ላይ ቀርተሻል ማለት ነው።

የጆርናል ስም ማሳጠርን በግምት አታድርጊው። የኛው የጅማው የጤና ሳይንስ ጆርናል «ኢትዮፕ ጄ ሄልዝ ሳይ» ነው የሚባለው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ላንሴት አንድ ቃል ስለሆነ አይታጠርም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ማውጫ ላይ አጭር ስማቸው ሁሉ አለ፣ በነፃ ይታያል።

እስቲ ሁለት ሦስቱን እዚህ ለጥፊልኝና ልያቸው።

ቡና_ለቃሚዋ፣ ረቡዕ 3፡05

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሺ፣ ሳፍርም አልቀር። 8 ቁጥር ላይ ከስሙ ቀጥሎ ዓመቱ በቅንፍ አለ። 9 ላይ ዓመቱ መጨረሻ ነው። 10 ላይ ዓመቱ ሁለቱም ቦታ አለ።

14ን እዩልኝማ። የቡና ጥናት ነው። የቡናው ሳይንሳዊ ስም፣ ኮፊያ አራቢካ፣ ርዕሱ ውስጥ አለ። «ሁሉም በትንሽ ፊደል» ሲባል እሱንም ልቀንሰው?

ጋሽ_ኮማ፣ ረቡዕ 3፡30

አይቀነስም! ኮፊያ በትልቅ ሲ ይጀምራል፣ አራቢካ በትንሽ ኤ። ሁለቱም ይጋደማሉ፣ በኢታሊክ ማለቴ ነው። ጅማ፣ ኢትዮጵያ፣ ኦሮሚያም በትልቅ ይጀምራሉ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው መሰለኝ፣ ዓይናችን እዚህ ላይ ይዘላል።

ቦዬ_ጉማሬ፣ ረቡዕ 3፡41

ጋሼ እውነታቸውን ነው። ዞቴሮ ላይ ርዕሱን በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ወደ ትንሽ ፊደል ቀይር ማለት ይቻላል። ግን «ጅማ»ንም አብሮ ሊያሳንሳት ይችላል። ተከታትለሽ አስተካክዪ።

ሌላ ወጥመድ። የዓለም ጤና ድርጅትን ጠቅሰሻል? ጤና ላይ እየጻፍሽ ሳትጠቅሺው አትቀሪም። ሶፍትዌሩ ድርጅትን እንደ ሰው ካየው የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። «ኦርጋናይዜሽን ደብሊውኤች» ብሎ ያወጣልሻል። አቶ ኦርጋናይዜሽን። በታተመ ጽሑፍ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ከደራሲው ስም አጠገብ ስሙን ባለ አንድ ሣጥን የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለች፤ ለድርጅት ሁሉ እሷን ተጫኚ። የቀድሞውን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲንም እንዲሁ፣ አለበለዚያ «ኤጀንሲ ሲኤስ» ነው የሚሆነው።

የላቴክ_ሱሰኛ፣ ረቡዕ 3፡50

ላቴክ (ሌላው የጽሑፍ ማዘጋጃ) ላይ የድርጅቱን ስም ድርብ ቅንፍ ውስጥ መክተት ነው። ሌላ ጣጣ የለውም።

የቆጪ_ልጅ፣ ረቡዕ 3፡51

ልጅቷ 6 ቀን ነው ያላት፣ አንተ ላቴክ ልታስተምራት ነው።

መልኮ_መንገድ፣ ረቡዕ ከሰዓት 9፡10

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ስም።

ፊደል ስንቆጥር የምናውቀው አበበ በሶ በላ አድጎ፣ ተምሮ፣ ጥናት አሳተመ እንበል። ስሙ አበበ፣ አባቱ አቶ በሶ፣ አያቱ አቶ በላ። ጋሽ ኮማ «መጀመሪያ የቤተሰብ ስም» ብለዋል። አበበ የቤተሰብ ስም የለውም። እኛ ሀገር የለም። ፈረንጁ ግን የመጨረሻውን ስም ይወስድና «በላ ኤቢ» ይለዋል። አበበ በሚቀጥለው ጥናቱ አያቱን ትቶ በአባቱ ብቻ ከጻፈ «በሶ ኤ» ሆነ። የኛ ተማሪ ደግሞ ሲጠቅሰው በለመደው መንገድ «አበበ ቢ» ይለዋል። አንድ ሰው ሦስት ደራሲ ሆኖ አረፈው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጽሑፉን ራሱን እከፍታለሁ። «እንዲህ ብላችሁ ጥቀሱ» የሚል መስመር ካለው እሱን እወስዳለሁ። ከሌለ ፐብሜድ ላይ የተመዘገበበትን። ለኔ አበበ ሁልጊዜም አበበ ነው። ግን አንባቢው ጽሑፉን ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ስም ስለሆነ እሱን እከተላለሁ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ባህል የሚያሳትሙ ብዙዎች ግን የኢትዮጵያዊን ስም አይገለብጡም። ከራሱ ስም ጀምረው ሙሉውን ያስቀምጣሉ፣ በዚያው ይደረድራሉ። ለነሱ ስትልኪ እንደነሱ። አንድ ዝርዝር ውስጥ ግን ሁለቱን አትቀላቅዪ።

በነገራችን ላይ አይስላንዶችም እንደኛው ከራሳቸው ስም ቀጥሎ የአባት ስም ነው የሚያስከትሉት። የስልክ ማውጫቸው እንኳ በራስ ስም ነበር የሚደረደረው።

ከሁሉ የሚብሰው ጥንድ ስም ነው። ገብረ ማርያም ለየብቻ ከተጻፈ ሶፍትዌሩ «ማርያም» የሚል ደራሲ ያወጣል። ወልደ ጊዮርጊስም እንደዚያው፣ ጊዮርጊስ ጥናት ጻፈ። እዚሁ ጅማ ደግሞ «አባ» የሚቀድመው ስም ሞልቷል። አባ ጅፋር ዛሬ ተነስተው ጥናት ቢያሳትሙ «ጅፋር ኤ» ተብለው ይቀሩ ነበር። የመረጃውን ሣጥን ከፍተሽ ሁለቱን ቃል በቤተሰብ ስሙ ቦታ አብረሽ አስቀምጪ።

ሻይ_በቅመም፣ ረቡዕ 9፡34

አባ ጅፋር ላይ ሳቅኩ። የኔን ስሙኝ። ጥናቱን የሠራሁት እኔ፣ ጎግል ስኮላር ላይ ስማቸው የገነነው አያቴ። አፈሩ ይቅለላቸውና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው ያለፉት። ወንድሜም በአያታችን ስም ያሳትማል። ተቀላቅለን አንድ ሰው ሆነናል።

መልኮ_መንገድ፣ ረቡዕ 9፡40

ኦርሲድ (የተመራማሪ መለያ ቁጥር) አውጡ፣ ሁለታችሁም። ነፃ ነው፣ 16 አሃዝ አለው። ስም ቢዛባ ቁጥሩ አይዛባም። ቡና ለቃሚዋ፣ አንቺም የራስሽን ስም እንዴት እንደምትጽፊ አሁኑኑ ወስኚና ዕድሜ ልክሽን እሱን ጻፊ። መሐመድን በአንድ ኤም የጻፈ፣ በሁለት ኤም የጻፈ፣ በዩ የጻፈ፣ በኦ የጻፈ፣ ሁሉም የተለያየ ሰው ነው የሚሆነው።

አጂፕ_ሰፈር፣ ረቡዕ ማታ 1፡15

የሕግ ሰው ነኝ፣ ስለ ቫንኩቨር አላውቅም። ግን የሠራተኞች ጥናት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ጠቅሰሽ ይሆናል ብዬ ነው። በምን ዓመት አስቀመጥሽው?

ቡና_ለቃሚዋ፣ ረቡዕ 1፡22

አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ዓመቱን 2011 ብያለሁ። ምነው?

አጂፕ_ሰፈር፣ ረቡዕ 1፡38

ጠርጥሬ ነበር። 2011 በኛ ነው። ነጋሪት ጋዜጣው ላይ የአማርኛው ዓምድ 1156/2011 ይላል፣ የእንግሊዝኛው ዓምድ 1156/2019። ያው አንድ ወረቀት ነው። የአንቺ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ከሆነ 2019 በይው። ፈረንጁ 2011ን በራሱ አቆጣጠር ካነበበው፣ በዚያ ዓመት ሥራ ላይ የነበረው አሮጌው አዋጅ ቁጥር 377 ነው። የሌለ ሕግ ጠቅሳለች ይልሻል።

ሌሎች የአማርኛ ምንጮች ካሉሽም እይ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን 7 ደምሪበት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን 8። ለምሳሌ ጥቅምት 2009 በፈረንጁ 2016 ነው፣ ጥር 2009 ግን 2017። ሽፋኑ ላይ ዓመቱ ብቻ ካለ ወሩን ውስጥ ፈልጊ፤ ፊርማው ገጽ ላይ አይጠፋም።

ቡና_ለቃሚዋ፣ ረቡዕ 1፡45

አሁን ደነገጥኩ። ሁለት ቴሲስና አንድ የቢሮ ሪፖርት አሉኝ፣ ሦስቱም በኛ አቆጣጠር ናቸው። ገላቶማ ወንድሜ!

ፈጣን_ነኝ፣ ሐሙስ 4፡00

ይሄ ሁሉ ለምንድነው? የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ቻት ላይ ለጥፊና «ወደ ቫንኩቨር ቀይርልኝ» በይው። አምስት ደቂቃ።

ሻይ_በቅመም፣ ሐሙስ 4፡12

እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌዋለሁ። 40 ሰጠሁት፣ 40 ያማረ ሪፈረንስ ሰጠኝ። ኮማው በቦታው፣ ነጥቡ በቦታው። አንዱ ላይ ገጹ ተቀይሯል። ሌላው ላይ የሌለ ደራሲ ተጨምሯል። አንዱማ ዲኦአዩን ስከፍተው ስለ ዓሣ እርባታ የሚያወራ ሌላ ጽሑፍ ላይ ጣለኝ። ቅርጹ ስላማረ ብቻ ሳላይ ልልከው ነበር።

ጋሽ_ኮማ፣ ሐሙስ 4፡30

በማንም ተጻፈ በማን፣ እያንዳንዱን ዲኦአይ ከፍተሽ እይ። 62 ጊዜ መጫን ነው። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ ያልቃል።

ቡና_ለቃሚዋ፣ ዓርብ ሌሊት 6፡20

ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም፣ አሁን መጣ። ዞቴሮ ውስጥ 51 ገብተዋል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። አንዱን ጥናት መግቢያው ላይ 6፣ ውይይቱ ላይ 44 ብዬዋለሁ። ዞቴሮ ግን ሁለቱንም ቦታ 6 አደረገው።

ቦዬ_ጉማሬ፣ ዓርብ 6፡31

እሱ ነው ትክክሉ። ቫንኩቨር ላይ አንድ ምንጭ አንድ ቁጥር ነው፣ እስከ መጨረሻው። በመጀመሪያ የተጠራበትን ቁጥር ይዞ ይኖራል። ተመላልሰሽ ስትጠቅሺው አዲስ ቁጥር እየሰጠሽው ነበር ማለት ነው።

ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ የጠቀስሽው ካለም ቁጥሩን የሚያገኘው ሠንጠረዡ ጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠራበት ቦታ ነው። ሠንጠረዦቹን ፋይሉ መጨረሻ ላይ ስለምናስቀምጣቸው ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ሶፍትዌሩም አያውቅልሽም።

ደግሞ ተኚ።

የቆጪ_ልጅ፣ ዓርብ ጠዋት 2፡00

ቆይ፣ ግን ጤና ነክ ነገር ላይ ቫንኩቨር የሚባለው ለምንድነው? የካናዳው ከተማ አይደል እንዴ?

ጋሽ_ኮማ፣ ዓርብ 2፡25

ነው። በ1978 ጥቂት የሕክምና ጆርናል አርታዒዎች እዚያ ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጆርናል የየራሱ አጻጻፍ ነበረው። ሪጀክት የተደረገ ሰው ሌላ ጋ ለመላክ ሁሉንም በታይፕ እንደገና መምታት ነበረበት። ይሄን ጣጣ እንቀንስ ብለው ነው አንድ ዓይነት መመሪያ ያወጡት። አሁን ደግሞ ብዙ ጆርናሎች «መጀመሪያ ስትልኩ በፈለጋችሁት ስልት ላኩ፣ ወጥ ይሁን ብቻ» ማለት ጀምረዋል። የዚች ልጅ ጆርናል ከነሱ ወገን አልሆነም።

ቡና_ለቃሚዋ፣ ቅዳሜ ማታ 3፡10

ጨርሻለሁ ልል ነበር፣ ግን 23 ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ። ዲኦአይ የለውም። ፐብሜድ ላይ የለም። የትም የለም። ከየት እንዳመጣሁት ሳስታውስ፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ተጠቅሶ አይቼው ነው የገለበጥኩት። ያ ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው ገልብጦ ይሆናል። ጽሑፉን ራሱን አንድም ቀን አልከፈትኩትም። «የቡና አቧራ በሴቶች ላይ ይብሳል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የተሸከመው እሱ ብቻ ነበር።

መልኮ_መንገድ፣ ቅዳሜ 3፡26

አውጪው። ዓረፍተ ነገሩንም አብረሽ። ያላየሽውን መጥቀስ፣ ያልቀመስሽውን ወጥ ጨው በዝቶበታል እንደማለት ነው።

ቡና_ለቃሚዋ፣ ቅዳሜ 3፡40

አወጣሁት። ዓረፍተ ነገሩ ግን ለኔ ወሳኝ ነው።

መልኮ_መንገድ፣ ቅዳሜ 3፡44

ያንቺ መረጃስ ምን ይላል? ስንት ወር መጋዘን ውስጥ የተመላለስሽው አንቺ ነሽ። የራስሽን ውጤት ጻፊ፣ «በዚህ ጥናት እንዳየነው» በዪ።

ቦዬ_ጉማሬ፣ እሑድ 4፡00

ከመላክሽ በፊት ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። በኮፒው ላይ ብቻ ከዞቴሮ ጋር ያለውን ግንኙነት አላቅቂው፣ ረድፉ ላይ አዝራሩ አለ። የሚላከው እሱ ነው። ዋናውን ሳይነካ አስቀምጪው፣ ሪቪወሮቹ «ይሄን ጨምሪ» ማለታቸው አይቀርም። ዋናውን ያላቀቀ ሰው አውቃለሁ፣ ከአንድ ብሎ ጀመረ። ፍላሽ ላይም ገልብጪ።

ቡና_ለቃሚዋ፣ ሰኞ ማታ 1፡30

ተላከ! ያውም ቀን ሳይሞላ። 62ቱ 58 ሆኑ። ሦስቱ ሁለት ሁለት ጊዜ የተቆጠሩ ነበሩ፣ አንደኛው ያ 23 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከነሙሉ ስሙ ነው። አዋጁ 2019 ነው። ሁለት ገብረ ማርያሞች አንድ ላይ ናቸው። የራሴን ስም በአባቴ ብቻ ጻፍኩት፣ ኦርሲድም አወጣሁ።

የመጨረሻውን ዝርዝር ከታች አያይዤዋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት። ጅማ ያላችሁ ቡና በኔ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ጋሽ ኮማ፣ እርስዎን በተለይ እጅ ነስቻለሁ።

የቆጪ_ልጅ፣ ሰኞ 1፡33

ቡናው የተለቀመ ይሁን።

ጋሽ_ኮማ፣ ሰኞ 2፡50

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ዝርዝሩን አንድ በአንድ አየሁት፣ ጥሩ ነው። 41 ቁጥር ላይ ግን ከሴሚኮለኑ በኋላ ክፍት ቦታ አለ።

ቡና_ለቃሚዋ፣ ሰኞ 2፡52

ኧረ ጋሼ!